ከኋላ ጓ የሚለው ነገር

ጂፔን የናቀ ሰው ቢኖር አማቴ እማማ ብዙወርቅ ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። ካርሜ ጋት ሰፈር የሚኖረው ልጃቸው ዮጌቭ ድምፅ የሌላት የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ጤና ጣቢያው፣ ቁፓት ሖሊም፣ ሐኪም ጋ ሲቀጠሩ እንዲወስዳቸው የሚደውሉት ለእሱ ነው። እኔ እዚሁ ከሥራቸው ባለው ፎቅ ላይ እየኖርኩ።

ምክንያቱ አልጠፋኝም። ጂፗ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጉብታ በተሻገርን ቁጥር ከኋላ ጓ ትላለች። ገና ጓ ማለት በጀመረችበት ቀን "አይዞዎት እማማ፣ ሾክ አብዞርበሯ ነው፣ ንዝረቱን መዋጥ አቅቶት ነው" አልኳቸው። "ኧረ ደኅና ናት" አሉ። እስከ ዛሬ አንቱ ይሉኛል፤ ባደጉበት በጎንደር ደንብ የልጅ ባል ፊት ለፊት አይታረምም።

ኢየሩሳሌም ወጥተን የምንጸልይበት በዓላችን ሲግድ ደረሰ። እማማ በዮጌቭ መኪና ከሄዱ ሰው ምን ይለኛል? ለሕንፃው ሰው ሁሉ አወራሁ፤ የኋላውን ሾክ ራሴ እቀይረዋለሁ አልኩ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚጠግን ሰው ለዚህች ጋራዥ ይሄዳል እንዴ?

ዓርብ ጠዋት ጂፗን በክሪክ አነሣኋት። የዛገውን ብሎን ዘይት አጠጥቼ ግማሽ ሰዓት ታገልኩት። አሮጌውን ሾክ አውጥቼ መሬት ላይ ስጫነው በስንት መከራ ወረደ፤ ስለቀው ቀስ ብሎ ተነሣ። ያለቀ ሾክ እንዲህ አያደርግም። ግን አንዴ ለሰው ተናግሬአለሁ፤ እማማም ከበረንዳ ያዩኛል። ሁለቱንም ደኅና ሾክ ጥዬ አዲስ አሰርኩ።

"ይምጡ፣ እንሞክራት" አልኳቸውና ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ነዳሁ። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ጓ አለች። ማልቀስ ነበር የቀረኝ።

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ያቁሙልኝ። ከኋላ ትርፍ ጎማው አጠገብ ይዩ።"

ከምንጣፉ ሥር የብረት ዘነዘና ተጋድሟል። እማማ ለእህታቸው ለአበቡ ሊያደርሱ በፋሲካ ያስቀመጡት ነው።

"ያውቁ ነበር?"

"ጓ ሲል ትዝ አለኝ። እርስዎ ግን ሾክ ነው አሉ፤ ምን ብዬ ልቃረን? በሰማሁት ቁጥር ስሳቀቅ በዮጌቭ መኪና መሄድ ጀመርኩ።"

"ሾኩም ቢሆን አልቆ ነበር" አልኩ።

"ይሆናል። ብቻ ሲጫኑት መልሶ ሲነሣ አይቼዋለሁ።"

ሳቁም እፍረቱም አንድ ላይ መጣብኝ።

በሲግድ ቀን እማማ ከጎኔ፣ እህታቸው አበቡ ከኋላ ተቀምጠው ወጣን። ጂፗ ኮሽ አላለችም። "ራሳቸው ናቸው የሠሯት" አሉ እማማ ኮራ ብለው። እኔም ይሉኝታ ያዘኝ።

"እንግዲያውስ የልጄን የአይቸውን መኪናም ይሥሩለት" አሉ አበቡ። "የሱም ከኋላ ጓ ትላለች።"

እማማ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ "መጀመሪያ" አሉ፣ "አንቺ ከኋላ ምን እንደ ከተትሽበት ንገሪያቸው።"