አገር ስጡኝ

የጋሽ ወልደ ሰንበት ስልክ የመጣው የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። ከሞጣ የደወሉት ለእህታቸው፣ ለማርያማዊት እናት ነበር፤ ያሏትም አጭር ነው።

"ለግንቦት ልደታ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። የመጋዘን ጥበቃ ሥራ ተገኝቶልኛል። የሽመና ዕቃውን እነቅልና ጉድጓዱን እደፍነዋለሁ።"

ጋሽ ወልደ ሰንበት ባና ሸማኔ ናቸው። ባና ከደጋ በግ ጠጉር የሚሸመን ወፍራም ልብስ ነው፤ ሲደርቡት ትከሻ ይከብዳል፣ ለብሰውት ሲተኙ ግን ብርድ የሚባል ነገር ያስረሳል። ቀድሞ ክረምት ሲቃረብ ደጃቸው ሰው አያጣም ነበር። ዛሬ ገበያው ከውጭ በሚመጣ አበባማ ብርድ ልብስ ተጥለቅልቆ፣ የእሳቸው ባና ተጣጥፎ ቆጥ ላይ ይከርማል።

ማርያማዊት ወሬውን ከእናቷ አፍ ስትሰማ፣ ቢቸና ቤታቸው ውስጥ የተቀመጠችው በአጎቷ ባና ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የሰጧት ነው። ማደሪያ ክፍል ውስጥ አብረዋት የነበሩት ልጆች መጀመሪያ "በግ ይዘሽ መጣሽ እንዴ?" ብለው ሳቁባት፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ማን ከእሷ ጋር እንደሚተኛ ዕጣ ይጣጣሉ ጀመር። ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም። "ዝም አይነቅዝም" እየተባለች ያደገች ልጅ ናት፤ ተመርቃ ከመጣች ወዲህም ስጦታው በሚባል ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ይዛ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ነው የምትውለው። በማግስቱ ግን አጎቷ ጋ ደወለች።

"ጋሼ፣ እስከ ልደታ ዕቃውን አይንቀሉት። ባናውን በኢንተርኔት እሸጥልዎታለሁ።"

"እንደ ልብሽ፣ ልጄ። ልደታን ግን አላሳልፍም። ለሰውዬው ቃል ሰጥቻለሁ።"

ድረ ገጹን ሠራችው። የባናው ፎቶ፣ ልኩ፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ማዘዣው፣ ሁሉም አለበት። ተሠርቶ ሲያልቅ የገቡበት ሰዎች እሷና ስጦታው ብቻ ነበሩ። ስጦታውም የገባው መከፈቱን ለማየት ነው።

"ቆንጆ ቤት ሠርተሽ በሩን በገደል በኩል አደረግሽው" አላት ወረቀት እየቆጠረ።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ሰዉ ያለው ቪዲዮ ላይ ነዋ! ከዚያ ጎትተሽ አምጪው።"

ቅዳሜ ሞጣ ሄዳ ቀረጸች። ጠጉሩ ሮብ ገበያ ከምትባለው የደጋ ከተማ መጥቶ ሲታጠብ፣ የአጎቷ ሚስት እትዬ ባንቺዓለም በደጋን ሲነድፉትና በእንዝርት ሲፈትሉት፣ ጋሽ ወልደ ሰንበት ሲሸምኑት፣ ታጥፎ ሲቀመጥ፤ አንድም ነገር አላስቀረችም። ራሷ አልታየችም፣ አልተናገረችምም፤ የክራር ድምፅ አስገባችበት። ከሥሩም የድረ ገጹን አድራሻ ጽፋ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው።

ሰው አየው። ካሰበችው በላይ አየው። "እጅዎ ይባረክ አባቴ" የሚል፣ "አገሬን አስታወስሽኝ" የሚል፣ ልብ የሚልክ፣ መዓት ነው። ድረ ገጹ ላይ ግን ዝር ያለ የለም። ሌላ ቪዲዮ ጨመረች፣ አሁንም ሌላ። ያው ነው።

"ሰንበቴ አደረግሽው እኮ" አለ ስጦታው። "በላ፣ ጠጣ፣ መርቆ ሄደ። ሁሉን እዚሁ ካየው፣ እዚያ ድረስ ምን ሊያደርግ ይመጣል?"

መጋቢት እየተጋመሰ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ሞጣ ነበረች። ጠዋቱን ሙሉ ከአጎቷ ፊት ተንበርክካ እጃቸውን ስትቀርጽ ቆየች፤ እሳቸው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው፣ መርገጫውን እየረገጡ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየወረወሩ ቀና አላሉም። እትዬ ባንቺዓለም ግን በሩ ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ ፊቷ መጥቆሩን አይተው ነበር።

"እንቆቅልሽ" አሏት ድንገት።

ማርያማዊት ፈገግ አለች። "ምን አውቅልሽ" አለች እንደ ልጅነቷ።

"እግሩ ተቀብሯል፣ እጁ ይሠራል፣ ዘመድ አላለቀሰለትም።"

አሰበች። "ዛፍ?"

"ዛፍ እጅ አለው? ዩኒቨርሲቲ ይሄን ነው ያስተማሩሽ?"

"ድንች።"

"ድንች! አይ አንቺ ልጅ! በይ አገር ስጪኝ።"

እንቆቅልሽ ያቃተው ሰው አገር ካልሰጠ መልስ አያገኝም፤ ደንቡ ነው። "ቢቸናን ሰጠሁዎት" አለች።

"ቢቸናማ የዘመድ አገር ነው፤ ዘመዴን ገዝቼ ምን ላተርፍ? አልቀበልም፣ ሌላ አምጪ።"

ሌላ ሳታመጣ የሚኒባሱ ረዳት ከመንገድ ጮኸ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሮጠች፤ እትዬ ባንቺዓለም ከኋላዋ "መልሱ እኔ ጋ ነው ያለው!" እያሉ ይስቃሉ።

መንገዱን ሁሉ ስታስብ ሄደች። እግሩ የተቀበረ ምሰሶ ነው፤ ምሰሶ ግን እጅ የለውም። ካህን? ቆፋሪ? ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ሲቆም አልቻለችም፤ ስልኳን አወጣች።

"እትዬ፣ ደብረ ወርቅን ሰጥቻለሁ።"

"አሃ! ደብረ ወርቅስ ትበቃለች።" ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ጋቢናው ድረስ ይሰማ ነበር። "ደብረ ወርቅ ገብቼ ምን አጥቼ! ከወንበር ተቀምጬ፣ ቅቤ ተቀብቼ፣ ማርያማዊትን የሰው ፍየል አስጠብቄ፣ ፍየሏም ቀሚሷን በልታባት፣ በቅጠል ተሸፍና ስትመጣ በሬን ዘግቼባት!" ተሳፋሪው ሳቀ። ማርያማዊት በነጠላዋ ተከናነበች። "መልሱማ አጎትሽ ነው! ሸማኔ! ጠዋቱን ሙሉ ፊቱ ተንበርክከሽ ስትቀርጪው የቆየሽው ሰውዬ!"

ስልኩን ዘጋች። ኀፍረቱ ሳይለቃት፣ ሌላ ሐሳብ መጣላት። ማንም ሳያስገድዳት፣ በሰው ፊት ስልክ መደወል የምትጠላው ልጅ፣ ከመኪና ላይ ሆና ደውላለች። የጎተታት ያልተነገራት ነገር ነው።

አዲሱ ቪዲዮ አጭር ነበር። እትዬ ባንቺዓለም እንዝርታቸውን ያሾራሉ፣ ቀና ብለው "እንቆቅልህ" ይላሉ። መላሽ ስለሚያስፈልግ፣ ማርያማዊት ከስልኩ ጀርባ ሆና በቀጭን ድምፅ "ምን አውቅልሽ" አለች፤ ይህችን ለማለት ብቻ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። ከዚያ እንቆቅልሹ፣ ከዚያ "አገር ስጡኝ!" አገሩ የሚሰጠው ድረ ገጹ ላይ ነው፤ የሰጠ ሰው መልሱ ይከፈትለታል።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ከጉድጓዳቸው ሆነው ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው፣ "ሥራዬ ጨዋታ ሆነ ማለት ነው?" አሉ።

"አንቱ ደግሞ!" አሉ ሚስታቸው። "ሥራውማ ቆጥ ላይ ተኝቷል። እስቲ ጨዋታው ይቀስቅሰው።"

ሰዉ ጎረፈ። ጎንደርን የሰጠ አለ፣ አዋሳን የሰጠ አለ። አንዱ የቢቸና ልጅ የጁቤን ቢሰጥ፣ የየጁቤ ልጅ "ማንን አስፈቅደህ ነው?" ብሎ ቢቸናን ሰጥቶ ተበቀለው። መልሱን ከቪዲዮው ሥር ጽፎ የሚያጋልጥም ነበር፤ ሰው ግን እሱን አንብቦም ገብቶ አገር ይሰጣል። ማርያማዊት ሁለተኛ እንቆቅልሽ ለቀቀች፤ "ሲመላለስ ይውላል፣ ደጅ ወጥቶ አያውቅም"፤ መልሱ መወርወሪያ ነው። ስጦታው የጎብኚውን ብዛት ከኮምፒዩተሩ ላይ እያየ ያፏጭ ጀመር።

ባና ያዘዘ ግን የለም። ይገባሉ፣ አገር ይሰጣሉ፣ መልሱን አንብበው ይወጣሉ። ትንሣኤ አለፈ። ሚያዝያ ገፋ።

ማርያማዊት ይህን ለመናገር ሞጣ ስትሄድ የምትጀምርበት ጠፍቷት ነበር። እትዬ ባንቺዓለም ቀደሟት።

"ስንት አገር ገዛሁ?"

"እጅግ ብዙ።"

"ባናውንስ?"

"አንድም ሰው አልገዛም።" አንገቷን ደፋች።

እትዬ ባንቺዓለም እንዝርቱን አቆሙት። "ፉከራዬን ሰምተው ነው እንዲህ ዝም የሚሉት?"

"የቱን ፉከራ?"

"ገብቼ ምን አጥቼ ያልኩትን ነዋ! አገሩን ከሰጡኝ በኋላ ምን ይሰማሉ?"

"መልሱን።" የማርያማዊት ድምፅ ቀነሰ። "ፉከራውን አላስገባሁትም፣ እትዬ። የማናውቀው ሰው ነው፣ ትልልቅ ሰዎችም ይገባሉ። በቅጠል ተሸፍነህ ምናምን… ነውር መስሎኝ።"

"አገር ተቀብሎ ዝም! ይሄማ ሌብነት ነው!" እትዬ ባንቺዓለም የእውነት ተቆጡ። "ሰው አገር የሚሰጠው ለመልሱ ብቻ መሰለሽ? እስኪነገረው ድረስ ቁጭ ብሎ ሲሰደብ ነው ጨዋታው። ቁጭ በሚልበት ሰዓት ደግሞ የፈለግሽውን ትነግሪዋለሽ። አንቺ ግን በር ከፍተሽ አስገብተሽ፣ በጓሮ አስወጣሽው።"

ማርያማዊት ስልኳን አወጣች። እትዬ ባንቺዓለም ከቆጡ ላይ አንድ ባና አውርደው ተከናነቡ፤ ከአፍንጫቸው በላይ ብቻ ቀረ።

"የሰጣችሁኝን አገር ገብቼ ምን አጥቼ! ሐምሌ ጣራውን ሲደበድበው፣ እኔ በባናዬ ተጠቅልዬ፣ ዝናቡን እንደ እስክስታ እየሰማሁት! አንተ አገር የሰጠኸው! ያቺን አበባማ ብርድ ልብስህን ወደ ራስህ ስትስባት እግርህ ወጥቶ፣ ወደ እግርህ ስትሰዳት ራስህ ወጥቶ፣ ሲነጋ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልለህ ተገኝተህ! ጎረቤት 'ምን ነካው?' ሲል 'አገሩን ሰጥቶ ነው' ተብሎ!"

ከጉድጓዱ በኩል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ወልደ ሰንበት ነበሩ፤ መወርወሪያውን ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቁ ነበር። ማርያማዊት ያንንም ቀረጸችው፤ ከቪዲዮውም ቆርጣ አላወጣችውም።

ፉከራው ከአገሩና ከመልሱ መሃል ገባ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከደብረ ብርሃን መጣ፤ ያዘዘችው ነርስ "እግሬ ወጥቶ ነው የከረመው" ብላ ጽፋበታለች። ማርያማዊት ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ሌላ መጣ፣ ደግሞ ሌላ። አጎቷ ጋ ስትደውል የሞጣ ኔትወርክ ጠፍቷል። በማግስቱም የለም፣ በሦስተኛውም። ልደታ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ሚኒባስ ተሳፈረች።

ስትደርስ ግቢው ውስጥ ለሽኝት የመጡ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። የሽመናው ቋሚዎች ተነቅለው ግድግዳ ላይ ተደግፈዋል። ጋሽ ወልደ ሰንበት አካፋ ይዘው፣ ጉድጓዱን እስከ ግማሽ ሞልተውታል።

"ጋሼ" አለች። ሁሉም ዞሮ አያት። ስልኳን ዘረጋችላቸው።

"መነጽር የለኝም፤ አንብቢው።"

አነበበች።

"አልተሰማንም!" አሉ ከጥግ አንዲት ሴት።

"ጮክ በይ፣ ልጄ" አሉ አጎቷ አካፋውን ተደግፈው።

ማርያማዊት ጉሮሮዋን ጠረገች። ከደብረ ብርሃን አንድ፤ የነርሷንም ቃል አነበበችው፤ ሰው ሳቀ። ከአዲስ አበባ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከጉንደ ወይን። ድምፅዋ እየጠነከረ ሄደ። "ከድሬዳዋ፣ አንድ።"

"ድሬዳዋ?" አሉ ጋሽ ወልደ ሰንበት። "እዚያ ሙቀት ባና ምን ይሠራለታል?"

"ለእናቱ ነው። እናቱ ሮብ ገበያ ናቸው፤ እዚያ እንዲደርስላቸው ነው የጠየቀው።"

ጋሽ ወልደ ሰንበት ጉድጓዱን ቁልቁል አዩ። "ጠጉሩን ከዚያ አምጥቼ፣ ሸምኜ፣ እዚያው ልመልስ?" አሉ፤ ለማንም አልነበረም። ከዚያ አካፋውን ገለበጡና ያስገቡትን አፈር መልሰው ማውጣት ጀመሩ። ለሽኝት የመጡት አንድ ሁለት ሆነው ቋሚዎቹን አነሡ። ማርያማዊትም ጎንበስ ብላ አፈሩን በእጇ ትዝቅ ገባች።

"የመጋዘኑን ሰውዬ ማን ይነግረዋል?" አሉ ጋሽ ወልደ ሰንበት ቀና ሳይሉ። "ቃል ነው የሰጠሁት።"

"የወንድሜ ልጅ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ የለ? እሱ ይሂድ፤ ለሰውዬው ኔትወርክ ሲመጣ እኔ እደውላለሁ" አሉ እትዬ ባንቺዓለም። "መጀመሪያ እንቆቅልህ እለዋለሁ፤ አገር ሲሰጠኝ እነግረዋለሁ።"

ጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ ቋሚዎቹ ሲተከሉ ቀኑ መሽቶ ነበር። ጋሽ ወልደ ሰንበት ወረዱበት፣ እግራቸውን መርገጫው ላይ አድርገው ሞከሩት። ቆጥ ላይ ያለው ባና ከታዘዘው ያንሳል፤ የቀረው ተሸምኖ እስኪደርስ ክረምቱ ይገባል።

"ማርያማዊት፣ ለጊዜው አታስዝዢ" አሉ። "የማልደርስለትን ሰው አልጠራም። እነዚህን ልጨርስና።"

"እሺ፣ ጋሼ።" ቢቸና ስትደርስ ማዘዣውን እንደምትዘጋው፣ ለምን እንደተዘጋም ራሷ ቪዲዮ ላይ ወጥታ ሰዉን ይቅርታ እንደምትጠይቅ አሰበች። ሐሳቡ እንደ ድሮው አላስደነገጣትም።

እትዬ ባንቺዓለም በሩ ላይ እንዝርታቸውን አንሥተው ነበር። "ማዘዣውን ዝጊው" አሏት። "አገሩን ግን እንዳትመልሺላቸው።"