የታችኛዋ ጎረቤት

በእትዬ የሺመቤት ሳሎን ወለል ስር፣ እስከ ጉልበት ሲቆፈር፣ የእናታቸው ቤት ተገኘ። እናትየዋም እቤት ነበረች።

ጎንደር፣ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ቤት ሲታደስ እኔ እላካለሁ። ሥራዬ ሌላው ሲቆፍር ቆሞ ማየት፣ የድሮ ነገር ብቅ ካለ ደግሞ “ቁም!” ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው ገል ነው። እኔ በገልም ደስ ይለኛል፤ ባለቤቶቹ ግን ወርቅ ካልሆነ ፊታቸውን ያዞራሉ።

የቧንቧ ቦይ ቆፋሪው አስማረ አንድ ልማድ አለው። ዶማው ጠንካራ ነገር በነካ ቁጥር፣ ደጅ እንደቆመ እንግዳ “ቤቶች!” ብሎ ይጣራል። ለቀልድ ነው። ያን ቀን ጠዋት ዶማው እንጨት ነካ።

“ቤቶች!” አለ።

“ደጆች!” አለ የሴት ድምፅ ከስር።

“ቁም!” አልኩት። ቆሞ ነበር።

በደረቴ ተኝቼ በስንጥቁ አየሁ። ኩራዝ በርቷል። አንዲት ወጣት ሴት መደብ ላይ ተቀምጣ በጋቢ የተጠቀለለች ሕፃን አቅፋለች።

“እንደምን አደሩ? ከቅርስ ጥበቃ ነው” አልኳት።

“ደህና፣ እግዜር ይመስገን። አፈር ብቻ አታራግፉብኝ፤ የሺዬን ትኩሳት ይዟታል። እስክትድንልኝ ዓይኔን አልከድንም።”

እትዬ የሺመቤት ድምፁን ሰምተው ከጓዳ ወጡና ቦዩ ዳር አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ። ታሪኩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እናታቸው እሳቸውን ስታስታምም በሽታው ተጋባባትና የልጇን መዳን ሳታይ ሞተች። ልጅቷ “አይዞሽ” የሚላት ሳታገኝ አደገች፤ አረጀችም።

“እናቴ” ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዋጡት። የታመመ ልጅ ያቀፈችን ሴት ማስደንገጥ ነውር ነው።

“አይዞሽ፣ ትድናለች” አሏት።

“እርስዎ ማነዎት?”

“ጎረቤት ነኝ። ከላይ ነው የምኖረው።”

“በምን አወቁ?”

“እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ታምሜ ነበር። እናቴ አስታማ አዳነችኝ።”

ከታች ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

“እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ትንሽ ጋደም ልበል።”

ኩራዙ ጠፋ። እኔ አለቀስኩ፤ አስማረም አለቀሰ፣ አቧራ ነው አለ እንጂ።

ቧንቧው በጓሮ ዞሮ እንዲያልፍ ወሰንኩ። ስንጥቁን በሳንቃ ሸፈንነው፤ አፈሩን በወንፊት ነፋነው፤ አስማረ ከእንቅልፏ እንዳይቀሰቅሳት በእጁ መለሰው።

“ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” አለ ሲጨርስ።

በማግስቱ ልሰናበታቸው ስገባ እትዬ የሺመቤት አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር። አሞኛል አሉ። ላፅናናቸው ስል ከኮርኒሱ ጥቂት አፈር ትራሳቸው ላይ ረገፈ። ከኮርኒሱ በላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በላይ ሰማይ ነው።

ዶማ አንዴ ድም አለና ቆመ።

“ቤቶች!” አለ ድምፅ ከላይ፣ በትህትና።

እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

“ደጆች!” አሉ፤ ለእንግዳው በርጩማ እንድስብለት በእጃቸው አመለከቱኝ።