ሽጉጧና ዋሷ

በጃናሞራ መሣሪያ ለሚገዛ ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» የአባቱ ስም ከታወቀ፣ ሽማግሌ ከመሰከረለት፣ ጭቃ ሹሙም «ይባርክልህ» ካለው በቃ፤ ምንሽሩ ትከሻው ላይ ነው። ወረቀት የሚባለውን ነገር ደብተራ ለክታብ ካልሆነ ማንም አይጠራውም።

ሰጠኝ አለኸኝ የሚባለው የዚሁ አገር ገበሬም ከመካነ ብርሃን ጎንደር ድረስ በእግሩ ወርዶ፣ አራዳ ከመሣሪያ ሻጩ ፊት እንደ ቆመ፣ ያችን ጥቁር ሽጉጥ እያየ የአባቱን ስም ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ስሙስ ሸጋ ነው» አለ ሻጩ። «የፖሊስ ፈቃድህ የታለ?»

«እኔ ልገዛ እንጂ ልሰርቅ አልመጣሁም።»

«የሚሰርቅማ ፈቃድ ምን ያደርግለታል።»

ነገሩ የድንበር ነበር። የሰጠኝ ማሳ ከአጎቱ ከቢያዝን የገብስ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ቢያዝን ጎንደር ቤት ሠርቶ ከገባ ወዲህ ማሳውን የሚያርሰው ሌላ ሰው ነው። ሰጠኝ በአንድ ጭጋጋማ ማለዳ የድንበሩን ድንጋይ ወደ አጎቱ ማሳ ገፋ አደረገው። ሽማግሌ ቢቀመጥበት «ከአያቴ ጀምሮ እዚሁ ነው» ብሎ ካደ። ጠላ ቤት ደግሞ «ሽጉጥ ታጥቄ ልመለስ፤ ቢያዝን ያን ማሳ በሕልሙም አያየው» ብሎ ፎከረ። ምንሽርማ በአገሩ ያልያዘ የለም። ሽጉጥ ግን የሹም ነው፤ ወገብ ላይ ጉብ ስትል ክርክር ታሳጥራለች።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ሃምሳ አለቃ ማሩ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ዋስ አምጣ» አለው። «ጎንደር ከተማ ቤት ያለው፣ አንተንም የሚያውቅ።»

«መካነ ብርሃን አገሩ ሁሉ ያውቀኛል።»

«እንግዲያ አገሩን ይዘኸው ናዋ።»

ሰጠኝ ከጣቢያው ደጃፍ ተቀምጦ፣ ጎንደር ቤት ያለው የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ቢያስብ፣ ቢያስብ፣ የሚመጣበት ያው አንድ ሰው ሆነ። ወደ አገሩ እንዳይመለስ ባዶ ወገቡን ሲያዩ የጠላ ቤቱ ሰዎች የሚስቁት ሳቅ ታየው። ተነሥቶ ከቀሐ ወንዝ ማዶ ወዳለው ወደ አጎቱ ቤት ሄደ።

ቢያዝን ከበሩ ላይ አገኘው። «ምነው ሰጠኝ፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ነን፣ አያ ቢያዝን። ለዋስ ብዬ ነው።»

«የምን ዋስ?»

«የሽጉጥ።»

«ሽጉጥ ደግሞ ለምን?»

«ለጅብ።»

ቢያዝን ትንሽ አየው። «ጅቡ ከከፋማ እንሂድ» ብሎ ኩታውን አነሣ።

ሃምሳ አለቃው እንደ ደንቡ ጠየቀ። «ይህ ሰው ጠብ ያለው ከማን ጋር ነው?»

«እኔ የማውቀው ጠብ የለውም» አለ ቢያዝን።

«ቁጡ ነው?»

«የእኅቴ ልጅ ነው። ጡት ሲጥል እንኳ አላለቀሰ።»

«በዚህ ሽጉጥ ሰው ቢሞት የምንይዘው አንተን ነው።»

«የሞትሁት እኔ ከሆንሁስ?»

ሃምሳ አለቃው ከት ብሎ ሳቀ። ቢያዝንም ፈገግ አለ። ሰጠኝ ግን ጆሮው እንደ ፍም ግሎ ጣራ ጣራውን ያይ ነበር። የጠላ ቤቱ ፉከራ ከእርሱ ቀድሞ ቀሐን እንደ ተሻገረ ያን ጊዜ ገባው። ቢያዝን ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመ።

ውጭ ሲወጡ፣ «በል ሱቁ ሳይዘጋ ድረስ» አለው። «ራት እኛ ዘንድ ነው። ሚስቴ ይመኙሽ ትጠብቅሃለች፤ አጎት ያለው ሰው ጎንደር ላይ ጦሙን አያድርም።»

ሰጠኝ ሱቁም አልደረሰ፣ ራቱም ላይ አልተገኘ። የአገሩን መንገድ ያዘ።

«ሽጉጧስ?» አሉት ጠላ ቤት።

«መንግሥት ከለከለኝ።»

ፈቃዱ ከደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። በጃናሞራ ያለ ፈቃድ መሣሪያ የያዘ ሞልቷል፤ ያለ መሣሪያ ፈቃድ የያዘ ግን ከሰጠኝ በቀር አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ቢጠብቅ፣ ሰማዩ ጠዋት ጠዋት ጥርት እያለ አስቸገረው። በመጨረሻ በጠራራ ፀሐይ ወርዶ ድንጋዩን ወደ ኋላ ይገፋ ጀመር። ማዶ የሚያርሱት ጎረቤቶቹ በሬዎቻቸውን አቁመው ያዩታል። እርሱም ቀና ሳይል ገፍቶ ገፍቶ፣ ይበቃል ባለበት ላይ አቆመው።

«አያ ሰጠኝ» ብሎ ተጣራ አንዱ፤ ድምፁ ሽሙጥ አልነበረበትም። «ገና ነው። የነበረው ከአስታዋ ዛፍ ሥር ነው።»

ሰጠኝ አስታዋን አየ። ገና ሩቅ ነበረች። መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ እንደገና ጎነበሰ።