ያልተነበበው ሁለት ቁጥር

ድምፅ ቆጣሪዋ የመጨረሻውን የምርጫ ወረቀት ቆጥራ ክምሩን በላስቲክ ስታስረው ጋሽ ሞሲ ቆጣሪዎቹን ከተመልካች ከሚለየው የብረት አጥር ላይ ቀና አሉና እርሳሳቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አትራክታ ሙልቪ ያን ጊዜ ገባት። ሽማግሌው ለባሏ ሃያ ሁለት ዓመት ድምፅ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ተስፋ እስካለ ድረስ እርሳሱ ከጣታቸው አይወጣም።

"ስንት?" አለች።

"ቆይ እስኪ፣ ገና አላወጁም።"

"ጋሽ ሞሲ፣ ስንት?"

"አርባ አንድ።" ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው ደፉት። "ልጁ በአርባ አንድ ይበልጥሻል። ያ ጋራቫን የሚሉት ገበሬ ሲሞት እንኳ እንደ ሰው አይሞትም። ወረቀቱን ለሁለታችሁም እኩል በትኖት ሄደ።"

ጋራቫን አልሞተም። በሩ አጠገብ ቆሞ የአሳማ ሥጋ ያለበት ሳንድዊች ይበላ ነበር። በዚህ አዳራሽ ግን ከውድድር የወጣ ሁሉ ሞተ ነው የሚባለው፤ መራጩ በየስሙ አጠገብ በምርጫው ቅደም ተከተል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ስለሚጽፍ፣ የሞተው ሰው ወረቀቶች ሁለት ቁጥር ወደ ጻፈለት፣ እሱም ከሞተ ሦስት ቁጥር ወደ ጻፈለት ሰው ይሄዳሉ። ከምርጫ ክልላቸው ስድስት ሰው ወደ አውራጃው ምክር ቤት ይገባል። አምስቱ ከትናንት ጀምሮ አንድ በአንድ ገብተዋል። ለስድስተኛው ወንበር የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እሷና ሮሪ ሄሽን የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት።

ስድስተኛው ወንበር የባሏ የኮልማን ነበር። ኮልማን ከሦስት ዓመት በፊት የምክር ቤት ዘመኑን ሳይጨርስ ሲሞት፣ ከቀብሩ ስድስት ሳምንት በኋላ የፓርቲው ሰዎች ወጥ ቤቷ ተቀምጠው፣ "ወንበሩ ለምርጫ አይቀርብም፣ እኛ የምናቀርበውን ሰው ምክር ቤቱ ይቀበላል፤ ካንቺ የተሻለ ማን አለ?" አሏት። ያልተመረጠችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የተደፈነ ቦይ፣ የጠፋ የመንገድ መብራት፣ ከምክር ቤቱ የኪራይ ቤት ለማግኘት ስምንት ዓመት የጠበቀች እናት፤ እሱ ጀምሮ የተወውን ሁሉ ከማስታወሻው እያነበበች ጠየቀች። በወር አንድ ሰኞ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ፣ የእንጨቱ መደገፊያ እሱ በክርኑ ያለሰለሰው ቦታ ላይ ክርኗን ታሳርፍ ነበር። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

"አትራክታ! አትራክታ እህቴ!"

ጎረቤቷ ፊሎሚና ነበረች። ዝናብ ካፖርቷን አርሶታል፤ በእጇ እቅፍ አበባ ይዛለች።

"መኪና ማቆሚያ አጥቼ ነው የዘገየሁት። በይ ተቀበይኝ፣ እንኳን ደስ አለሽ!"

"ወድቃለች" አሉ ጋሽ ሞሲ።

"ሂዱ እንግዲህ! እርስዎ ደግሞ ቀልድዎን አይተዉም።"

"በቀብር ቀን አልቀልድም።"

ፊሎሚና ፈገግታዋ ሳይጠፋ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። "እንዴት ይሆናል? እኛ ቤት አምስታችንም ለአንቺ ነው የሰጠነው። ባሌ ሲንዮ እንኳ ከወገብ ሕመሙ ጋር ሄዶ ነው የመረጠው።"

"ስንት ቁጥር ሰጣችኋት?" አሉ ጋሽ ሞሲ።

"ሁለት።"

"አንዱንስ?"

"ለሮሪ ሄሽን ነዋ። እናቱ በራችን ድረስ መጥታ አለቀሰች፤ ልጄ ይወድቅብኛል አለች። ምን ልበላት?" ድንገት ድምፅዋ ተለወጠ። "አትራክታ፣ ራስሽ ነሽ እኮ የነገርሽኝ። የቤትሽ በር ላይ ቆመሽ፣ 'ምርጫው እንዴት ነው?' ብልሽ፣ 'ደህና ነው፣ አታስቢ' አላልሽኝም?"

"ብዬሻለሁ" አለች አትራክታ።

ኮልማን እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር። ከሁሉ በላይ ድምፅ ባገኘበት ዓመት እንኳ በየበሩ ቆሞ፣ "ዘንድሮ አልቆልኛል፣ ያለ እናንተ አልተርፍም" ይል ነበር። እሷ መኪና ውስጥ ሆና በኀፍረት አንገቷን ትደፋለች። "ሰው ለጠገበ አያጎርስም" ይላታል ተመልሶ ሲገባ። እሱ ከሞተ በኋላ ግን ሰው እንዴት ነሽ ባላት ቁጥር ከአፏ የሚወጣው አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ ለምርጫውም ሌላ መልስ አላዘጋጀችም።

ጋሽ ሞሲ ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩአት። ትናንት ጠዋት የክሉናህ መንደር ሳጥን ተከፍቶ ወረቀቱ ሲዘረጋ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ያሰፈሩት ነው። ሄሽን አንድ፣ ሙልቪ ሁለት፤ ስልሳ ሦስት ወረቀት። የገዛ መንደሯ ሳጥን።

"ለምን ትናንት አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ምን ልታደርጊ? ልጁ ቀድሞሽ ቢሞት ኖሮ ስልሳ ሦስቱም ያንቺ ነበሩ። ይሞታል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።"

"ታዲያ አሁን ሄደን እንንገራቸዋ!" አለች ፊሎሚና። "ሁላችንም መጥተን እንመሰክራለን። እንደዚህ ማለታችን አልነበረም እንላለን።"

"የሚመሰክረው ወረቀቱ ነው፣ ፊሎሚና።"

የምርጫ አስፈጻሚው መጣ፤ ለሁለት ቀን ያልተኛ ሰው ነው። "ወይዘሮ ሙልቪ፣ ውጤቱን ከማወጄ በፊት ቆጠራው ይደገም ማለት ይችላሉ።"

"ትላለች!" አሉ ጋሽ ሞሲ። "አርባ አንድ ምን አላት? በሰማንያ አምስቱ ምርጫ በሃምሳ ተሸንፎ በድጋሚ ቆጠራ የገባ ሰው አውቃለሁ።"

አትራክታ በላስቲክ የታሰሩትን የሄሽን ወረቀቶች እያየች፣ "ከደገማችሁት በእሱ ወረቀቶች ላይ ሁለት ቁጥር ለማን እንደተጻፈ ታነባላችሁ?" አለች።

"አይ። የእሱ ወረቀት ከእሱ ጋር ይቆያል፤ ወደ ማንም አይሄድም።"

"እንግዲያው ይቅር።"

"አትራክታ!" አሉ ጋሽ ሞሲ።

"ይቅር፣ ጋሽ ሞሲ። እነዚህ ሰዎችም ወደ ቤታቸው ይሂዱ።"

ውጤቱ ሲታወጅ ደጋፊዎቹ ልጁን ትከሻቸው ላይ አወጡት። ከወረደ በኋላ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ መጣና እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

"እትዬ አትራክታ፣ እርስዎ ይወድቃሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። እናቴ እንኳ ሁለት ቁጥር የሰጠችው ለእርስዎ ነው።"

"አመስግንልኝ" አለች። ከዚያ የኮልማንን ማስታወሻ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። "የወይዘሮ ዶላን ቦይ ገና አልተጠረገም። እሷ ሰኞ ሰኞ ነው የምትደውለው።"

ፊሎሚና አበባውን ቁልቁል ዘቅዝቃ እንደያዘች ቀረች።

ጋሽ ሞሲ እየነዱ ወሰዷት። ክሉናህ መስቀለኛ መንገድ ደረሱ። እዚያ ካለው የመብራት ምሰሶ ሥር መኪናውን አቁመው መሰላሉንና መቁረጫውን አወረዱ። ሰዉ ድምፅ ከሰጠበት ዓርብ ጀምሮ በሰባት ቀን ውስጥ ያልወረደ ፖስተር ቅጣት አለው።

"ከዚህ እንጀምር" አሉ። "ሥራ ይሻላል።"

"እኔ ልውጣ።"

ፖስተሮቹ የኮልማን ነበሩ። አዲስ ከማሠራት ይሻላል ብለው ጋራዡ ውስጥ የቆዩትን የፕላስቲክ ሰሌዳዎች አውጥተው፣ የሷን ፎቶ በእሱ ፎቶ ላይ ለጥፈውበታል። ሙልቪ የሚለው ስምና ከሥሩ ያለው "አንድ ቁጥር ስጡ" ለሁለቱም ይሆናል። አትራክታ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ዝናቡ የወረቀቱን ጥግ አንሥቶት አገኘችው። ግንባሯና አንድ ዓይኗ ወደ ታች ተጠቅልለዋል። ከኋላቸው የኮልማን ሽበታም ቅንድብ ይታይ ነበር።

"መቁረጫውን ላቀብልሽ?" አሉ ጋሽ ሞሲ ከታች።

የወረቀቱን ጥግ ይዛ ቀስ ብላ ሳበችው፤ የረጠበ ስለነበር ሳይቀደድ ተላቀቀ። አጣጥፋ ካፖርቷ ኪስ ከተተችውና እጇን ምሰሶው ላይ ደግፋ ከሥሩ የወጣውን የኮልማንን ፊት አየች። ከዚያ ወረደች።

"ማሰሪያውን አልቆረጥሽውም እኮ።"

"ሌሎቹን ዛሬ እናውርድ" አለች፤ መሰላሉን ራሷ አጠፈች። "ይኼኛው እስከ ዓርብ ጊዜ አለው።"