የማክሰኞ ሚዛን

ዶክተር ፍፁም የመልቀቂያ ደብዳቤውን በጋውኑ ኪስ ይዞ ነው የገባው። ሆሳዕና ባለው በዚህ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል ሁለት ሐኪሞች ነበሩ፤ አንዱ ከአምስት ወር በፊት ለቀቀ፣ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አንድ ሰው ለስንቱ ይሆናል? ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከየገጠሩ አርባ ታካሚ ይጠብቀዋል። እሱ ደግሞ ከእንቅልፍም ከምግብም ከተጣላ ሰነበተ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ደብዳቤውን ለሥራ አስኪያጁ ሰጥቶ ሊገላገል ቆርጧል።

የመጀመሪያውን ታካሚ ከመጥራቱ በፊት ለአፍታ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። አፍታዋ ሁለት ሙሉ ሰዓት ሆነች።

ባንኖ ሲነሳ ረፍዷል። «ጉድ ፈላ!» ብሎ በሩን በረገደው። ጩኸትና ወቀሳ ጠብቆ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ግን ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ሳል የያዘው እንኳ አፉን በነጠላ አፍኗል።

ጡረታ የወጡት መምህር ወልደሰንበት፣ እሳቸውም ታካሚ ናቸው፣ አንድ ወረቀት ዘረጉለት። መድኃኒቱ የሚታዘዘው በታካሚው ኪሎ ልክ ስለሆነ፣ ሰው መመዘኑ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላ ነበር። አሁን የሁሉም ኪሎ ሰሌዳ ላይ በለመዱት ጥሩ ጽሕፈታቸው ተጽፏል፤ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው የሩቆቹ ከላይ ናቸው።

አላመነም፤ ከታካሚዎቹ ሦስቱን ራሱ መልሶ መዘነ። አንዱም አልተሳሳተም። መቆም የሚያቅታቸው ሰዎች ተደጋግፈው ኮሪደሩ ጥግ ያለው ሚዛን ላይ ወጥተው ወርደዋል፣ ያውም እሱን ላለመቀስቀስ በሹክሹክታ።

«ማን አዘዛችሁ?» አለ።

«ደግሞ ማን ያዛል?» አሉ የአንጋጫዋ እማማ ኤልሳቤጥ። «በእኛ አገር ሰው ሲታመም እርሻውን አረም አይበላውም፤ ጎረቤት ገብቶ ያርምለታል። አንተ ታመምክ፣ እኛ ገባን።»

«እኔ እኮ አልታመምኩም።»

«እንግዲያው ውጣና እንይህ» ብለው ሚዛኑን አሳዩት።

ጫማውን አውልቆ ወጣ። መምህሩ ከዝርዝሩ ግርጌ «ፍፁም፣ ሐኪም፣ ሃምሳ አንድ ኪሎ» ብለው ጻፉ። እማማ ኤልሳቤጥ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ከዘንቢላቸው ቆጮና አይብ አውጥተው «መጀመሪያ ብላ፤ ከዚያ ታክመናለህ» አሉት።

እንደቆመ በላ። ዕንባው መጣ፣ አላፈረበትም። ሞት ደጃቸው ቆሞ ስለ እሱ ክሳት የሚጨነቁ ሰዎች አይቶ አያውቅም።

መምህሩ እስክሪብቶውን አላስቀመጡም። «የዛሬ ሳምንት ደግሞ እንመዝንዎታለን፤ ይኸው ቀጠሮዎ።»

ለሰው ቀጠሮ ሲሰጥ የኖረው ፍፁም ኪሱን ዳበሰ፤ ደብዳቤው አለ። የኪሎውን ዝርዝር አየ። የመምህሩ ኪሎ ካለፈው ቀጠሯቸው በስድስት ቀንሷል፤ በዚያው በጥሩ ጽሕፈታቸው ጽፈውታል።

«እኔ በሕይወት ካለሁ አልቀርም» አሉት መምህሩ ዓይን ዓይኑን እያዩ፤ «እርስዎስ?»

«እመጣለሁ» አለና የመጀመሪያውን ስም ጠራ።