ወገብ በማይደርስ ውሃ

ልሳነወርቅ የእናቴ ልጅ ነው፤ ስለዚህ የምናገረውን አውቄ ነው የምናገረው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ያሻሽጣል። ሰው ፊት ሲቀመጥ ደረቱ ይነፋል፣ ቁም ነገር ሲመጣ ግን ይተነፍሳል።

በፈረንጆቹ 2013፣ ዩቲዩብ ላይ ሰዎች በካይት፣ አየር ላይ በሚንሳፈፍ ትልቅ ሸራ፣ ተጎትተው ባሕር ላይ ሲበሩ አየና አበደ። «እትዬ፣ እኛ ሀበሾች ውሃ ፈሪ ነን፤ እኔ ግን አልፈራም» ይለኝ ጀመር። ዋና አይችልም። በመጨረሻ ሚስቱን ስሂንን ይዞ ካሪቢያን ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት ሊሄድ ተነሣ። እኔንም ከሲልቨር ስፕሪንግ ወንዝ ማዶ ከምኖርባት ከአሌክሳንድሪያ አስነስቶ ወሰደኝ፤ ፎቶ የሚያነሳው ሰው ያስፈልገው ነበር።

ቦታው እንኳን ለሰው ለዶሮም አያሰጋም። ማዕበሉ ከውጭ የኮራል አለት ላይ ተሰብሮ ይቀራል፤ ከአለቱ ወዲህ ያለው ውሃ አሸዋው ከላይ የሚታይ፣ ሩቅ ቢሄዱበት ወገብ የማይደርስ ነው። ንፋሱ ብቻ አያርፍም። ጀማሪ ሁሉ እዚያ የሚሄደው ለዚህ ነው።

አስተማሪዋ፣ የደሴቲቱ ልጅ፣ ካይቱን ትቶ መጀመሪያ ሸራ ባለው ሰሌዳ፣ በዊንድሰርፍ፣ እንዲለማመድ መከረችው። «ሌሰን አያስፈልገኝም፣ ሁሉንም አይቼዋለሁ» አላት። ወጣ፣ ሸራውን ሳበ፣ በጀርባው ተዘረረ። ሁለተኛ አልሞከረም። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሸራውን አቁሞ ሆዱን ሳብ እያደረገ፣ «እትዬ፣ ከታች አንሺኝ፣ ማዕበል ያለ እንዲመስል» ማለት ሆነ።

ስሂን ሌሰኑን ወሰደች። ስትወድቅ ትስቃለች፣ ትነሣለች፣ ደግሞ ትወድቃለች። በማግስቱ ቆማ ሄደች። እሱ ስልኩን እየነካካ «ዛሬ ንፋሱ ቀላል ነው» አለ።

የመጨረሻው ቀን ንፋሱ በረታ። ስሂን ሩቅ ሄዳ ወደቀች፤ ከሰሌዳው ሥር ያለው ስለት እግሯን ሰነጠቀው፣ ሸራውም ላይዋ ላይ ተኛ። ራሷን እንደምንም አውጥታ፣ መቆም ስላቃታት ሰሌዳው ላይ ተንጠለጠለች፤ ንፋሱ እየገፋ ውሃ ውስጥ ወደበቀሉት ዛፎች ይወስዳት ጀመር። አስተማሪዋ ሌሎች ተማሪዎችን ይዛ ወዲያኛው ዳር ነበረች።

«ልሴ! ና!» ብላ ጮኸች ስሂን።

ልሴ ዳር ላይ ቆሟል።

«ሂድ እንጂ!» አልኩት።

«ካረንት አለ እትዬ፣ ይወስደኛል። ላይፍጋርድ ኮል እናድርግ፣ እነሱ ያውጧት።»

«ውሃው እኮ ጉልበትህ ላይ ነው!»

«ባሕር አይታመንም።»

ሃምሳ ያለፈኝ ሴትዮ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ብሄድ ብሄድ ውሃው ታፋዬ ላይ ቀረ። ስደርስ የስሂን ፊት አመድ መስሏል። የምታየው እኔን አልነበረም፤ ከኋላዬ ያለውን ዳር ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት የመጡት?» አለችኝ። ደግፌ አወጣኋት። እሱ ፎጣ ይዞ ጠበቀን። ፎጣ!

ከተመለስን በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ምግብ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ተቀመጥን። ልሳነወርቅ እጁን እየዘረጋ ማዕበሉን ይቆልላል፤ እሱ ዘሎ ሲገባ፣ ስሂንን በክንዱ አቅፎ ሲያወጣ። የእናቴ ልጅ መሆኑ አሳፈረኝና አንገቴን ደፋሁ።

«አይደል ስሂኔ?» አለ።

ስሂን የጎረሰችውን ዋጠች። «አይደለም። ያወጡኝ እትዬ ናቸው። ያንተ ጫማ እንኳ አልራሰም።»

ጆኒ የሚባለው ጓደኛው ሳቅ አመለጠው። ልሳነወርቅም ነገሩን ቀልድ ሊያስመስል አብሮ ሳቀ፤ ሌላው ሰው ግን ዓይኑን ትሪው ላይ ተከለ።

መኪና ውስጥ ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ ሆነሽ ዝም ትያለሽ?»

«እኔ ብናገር ይብስብህ ነበር» አልኩት።

ስሂን አልፈታችውም፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ልብሱን ታጥባለች፣ ራቱን ታቀርባለች፤ ከእሱ ግን ምንም አትጠብቅም። በግንቦት አሌክሳንድሪያ፣ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ለሚሰጥ የዊንድሰርፊንግ ትምህርት ተመዘገበች። ወንዙ ቡናማ ነው፣ ይበርዳል፣ ደሴቲቱን በምንም አይመስልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበሬን ይዤ እሄድና አያታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ልሳነወርቅ ደወለልኝ።

«ስንት ሰዓት ነው የምትመለሰው?»

«መጥተህ ራስዋን ጠይቃት።»

«እዚያ አካባቢ እኮ ፓርኪንግ አይገኝም» አለኝ።

ከኋላዬ ያለውን ባዶ የመኪና ማቆሚያ ዞር ብዬ አየሁና ስልኩን ዘጋሁት።