የአልጋው ፎቶ

ሲሃም ኮምፒውተር ሳይንስ ስትማር አባቷ አቶ ቲጃኒ ምን እንደምትማር አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። ለአጋሮ ሰው ግን «ልጄ ማሽን ታስተምራለች» እያሉ ያወራሉ። «ማሽን ደግሞ ምን ይማራል?» ሲባሉ «እሱን እሷን ጠይቋት» ብለው ይገላገላሉ፤ ኩራታቸው ግን ከፊታቸው አይጠፋም። አይፈረድባቸውም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀራቸው እሷና ከቤቱ ጀርባ ያለው ቡና ብቻ ነው። ቡናውን የተከሉት አባታቸው ናቸው። ሲሃምን ያበላትም፣ ያለበሳትም፣ ያስተማራትም ያው ቡና ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲመጣ ሲሃም ከዮኤል ጋር ተመደበች። ዮኤል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ኮድ ላይ እሳት የላሰ፣ ቡናን ግን ከሲኒ ውጪ የማያውቅ። ርዕሱን ያመጣችው እሷ ናት፤ የቡና ቅጠል ፎቶ አይቶ ዛፉ ጤነኛ ይሁን ወይም አድርቅ የሚባለው በሽታ ይዞት እንደሆነ የሚናገር የስልክ አፕ። አድርቅ የያዘው ቡና መድኃኒት የለውም። ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል፣ አለዚያ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። አድቫይዘራቸው መምህር ለይኩን ሐሳቡን ሲሰሙ «በቃ ይሄ ነው! ፎቶ ብቻ በደንብ ሰብስቡ» አሏቸው።

ሰበሰቡ፤ ጉዱ አሰባሰባቸው ላይ ነው እንጂ። የታመመውን ቅጠል በአጋሮ ዙሪያ ካሉ ማሳዎች ለቅመው አቶ ቲጃኒ ግቢ ያመጡና፣ ቡና የሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ላይ እየደረደሩ ፎቶ ያነሱታል። አልጋው ወገብ ድረስ ስለሚደርስ መጎንበስ የለም፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው። ለጤነኛው ቅጠልማ ማን አጋሮ ድረስ ይመላለሳል? ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ቡናዎች ቀጥፈው፣ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው አነሱት። ማሽኑ ሁለቱን አይቶ ተማረ። ሲፈትኑት አይሳሳትም፤ ዮኤል በደስታ ሲጨፍር የላቡን ወንበር ሰበረ።

አቶ ቲጃኒ አልጋው ዳር ቆመው ልጃቸው ቅጠል ስትደረድር ሲያዩ ነው የሰነበቱት። አፑ ሲያልቅ ስልካቸው ላይ ጫነችላቸው። «ታሟል» የሚለው በቀይ፣ «ጤነኛ» የሚለው በአረንጓዴ ይወጣል። «አባ፣ እኛ እንዳደረግነው አድርገው ያነሳሉ፤ እሱ ይነግርዎታል» አለቻቸው።

ሰኔ ገባ። ፕሮጀክቱ ፈታኞች ፊት የሚቀርብበት ዲፌንስ ሲቃረብ አቶ ቲጃኒ ደወሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስልኩ ቡናችን በሙሉ ታሟል ይላል።»

«በሙሉ?»

«ከየዛፉ እየቀጠፍኩ፣ እናንተ እንዳደረጋችሁት አልጋው ላይ እያደረግኩ አነሳሁ። አረንጓዴ የሚባል አላየሁም። ለዓይኔ ግን ወላሂ ደህና ነው፤ ፍሬውም ጥሩ ይዟል።»

ሲሃም ደነገጠች። ግን ደግሞ፣ አይ የሰው ነገር፣ ውስጧን ደስ አለው። በሽታው ሲጀምር በዓይን ላይታይ እንደሚችል አንብባለች። የእሷ ማሽን ከአባቷ ዓይን ቀድሞ አየ ማለት ነው!

«አባ፣ ዓይን ይሳሳታል። ስልኩን ይመኑ» አለቻቸው።

«አንቺ ካልሽ እሺ። ማክሰኞ ሰው ጠርቼ አስነቅላለሁ» አሉ አቶ ቲጃኒ። ያን ቀን ሲሃም አልቅሳለች፤ ለቡናው ከልቧ ነው ያለቀሰችው።

ቅዳሜ ላብ ውስጥ ለስላይድ የሚሆኑ ፎቶዎች ስትመርጥ አንድ የተበላሸ ፎቶ አገኘች። ዮኤል ሳያውቀው ተጭኖ ያነሳው ነው፤ ቅጠል የለውም፣ ባዶውን የሽቦ አልጋ ብቻ ነው የሚያሳየው። ለጨዋታ ያህል ለማሽኑ ሰጠችው።

«ታሟል» አላት፣ በቀይ።

«ዮኤል፣ ማሎ፣ እባክህ ና እስቲ!»

ዮኤል አየና ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ወጥቶ ከደጅ ለምለም ቅጠል ቀጥፎ መጣ፤ የመስኮቱ የወባ ትንኝ ሽቦ ላይ አስደግፎ አነሳው። ታሟል። ያንኑ ቅጠል ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ ደገመው። ጤነኛ።

«ሽቦውን ነው እንዴ የተማረው?» አለ ቀስ ብሎ። «ሽቦ ካየ በሽታ፣ ወረቀት ካየ ጤና? ቅጠሉን አንድም ቀን አላየውም?»

ሲሃም ከወንበሯ ተነሳች። «ለመምህር ለይኩን እንንገራቸው።»

«አበድሽ? ዲፌንሱ ሰኞ እኮ ነው! አሁን ከተናገርን ከባቻችን ጋር አንመረቅም። እንቅረብና እንለፍ፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እናስተካክለዋለን። ማን ይጎዳል?»

«አባቴ። ማክሰኞ ቡናውን ሊነቅሉ ነው።»

ዮኤል ክፉ ልጅ አይደለም፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «በይ አሁኑኑ ደውይላቸው» አለ።

ደወለች። አፏን ሳትከፍት አባቷ ቀደሟት። «ትናንት ከጁምዓ በኋላ ጀመዓው በሙሉ ዱዓ አደረገልሽ! የቲጃኒ ልጅ ከዓይን የተሰወረ በሽታ የምታይ ናት እያሉ አገር ያወራል። ማሻአላህ በይ እንጂ!»

«አባ… ቡናውን ጀመሩት?»

«ማክሰኞ ነው አልኩሽ እኮ። አንቺ ፈተናሽን አስቢ።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ይተዉት» ብትል አለቀ! ግን ለምን ብለው ይጠይቃሉ፤ አባቷ ደግሞ ወሬ ሆዳቸው ውስጥ አያድርም። ዱዓ ያደረገላት አገር በሙሉ ገና ሳትመረቅ ማሽኗ ቀጣፊ መሆኑን ሊሰማ ነው። ማክሰኞ ሩቅ ነው፣ ሰኞ ማታ እነግራቸዋለሁ አለች በልቧ። «እሺ አባ፣ ዱዓዎት አይለየኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ለዮኤል ግን «ነገርኳቸው» አለችው።

ሰኞ ቀረቡ። ዮኤል ተናገረ፣ ሲሃም ስላይዱን ገፋች። ከፈታኞቹ አንዱ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ይሄ ነገር ከላብ ውጪ ተሞክሯል?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ» አለ ዮኤል። «አጋሮ ላይ የአንድ ገበሬ ማሳ በሙሉ ታይቶበታል።»

ፈታኞቹ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህር ለይኩን ፈገግ አሉ። ሲሃም ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም። ኤ ሰጧቸው።

ወጥታ በሩን ሳትዘጋ ለአባቷ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች፣ ያው ነው። ልብሷን እንኳ ሳትቀይር መናኸሪያ ሄዳ የአጋሮ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። መንገዱን በሙሉ የምትናገረውን ስታጠና ሄደች፤ አባ፣ አይንቀሉት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አጋሮ ወርዳ ወደ ሰፈሯ ስትታጠፍ ከቤታቸው ጀርባ ጭስ አየች።

ሮጠች። ምን ዋጋ አለው! ጎረቤቱ በሽታው ይሻገርብናል ብሎ ፈርቶ ማክሰኞን አልጠበቀም፤ በጠዋት ተጠራርቶ በደቦ ነቅሎታል። በሰኔ ዝናብ እርጥብ እንጨት እሺ ብሎ ስለማይነድ ጋዝ አፍስሰውበታል። አያቷ የተከሉት ቡና ከነፍሬው ክምር ሆኖ ይጨሳል፤ ማሳው ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። አቶ ቲጃኒ ጥላሸት በጥላሸት ሆነው ከጭሱ ውስጥ ወጡ።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ፣ አባ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ዓይናቸው ደም መስሏል፤ በእጅጌያቸው ጠረጉና ጭሱ ነው አሉ። «ይኸው እኔም እንዳልሽኝ አደረግኩ። አንድም አልቀረ።»

ከአልጋው ዳር ጎረቤታቸው ፈድሊያ ቆማለች። ባል የሞተባት ሴት ናት፤ ማሳዋ ከእነሱ ማሳ አጥር ለአጥር ነው። ከየዛፏ የቀጠፈችውን ቅጠል ሽቦው ላይ ደርድራ ትጠብቃለች። «ሲሃሜ፣ የኔንም እይልኝ። የአባትሽ ከታመመ የኔም አይቀርለትም። ሰዎቹ ሳይበተኑ ይንቀሉልኝ» አለች።

አቶ ቲጃኒ ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ሰጡ። «ራሷ ታይልሻለች» አሉ በኩራት።

ሲሃም ስልኩን ተቀበለች። የፈድሊያን ቅጠል በክንዷ ጠርጋ መሬት ላይ አፈሰሰችው።

«ውይ! ምነው ልጄ?» አለች ፈድሊያ።

ሲሃም ባዶውን ሽቦ ፎቶ አነሳች፤ ስልኩንም ለአባቷ መልሳ ሰጠች። አቶ ቲጃኒ ቀዩን አዩ። አልጋውን አዩ። ቀዩን ደግመው አዩ።

«ቅጠሉስ የታለ?»

«የለም፣ አባ። ድሮም ቅጠሉን አያይም ነበር። ሽቦውን ነው የሚያየው። ቡናችን ጤነኛ ነበር።»

ፈድሊያ ጎንበስ ብላ ቅጠሏን ከመሬት መልቀም ጀመረች። አቶ ቲጃኒ ስልኩን እንደያዙ ወደ ክምሩ ዞረው ቆዩ።

«ይሄን መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉ።

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ» አሉ አቶ ቲጃኒ። «ቅዳሜ ደውለሽልኝ ነበር እኮ።»